የዳማ ሰኮና

«ለእሁድ ይደርሳል?»

ኦቦ ጫምሳ ይህን የጠየቁኝ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ነው። ፈረሱን አላየሁትም። ሰላምታውም አላለቀም፤ በአንድ እጃቸው እጄን እንደጨበጡ በሌላው የመኪናውን በር ይዘውልኛል።

«መጀመሪያ ልየው እንጂ» አልኳቸው።

«እዪው፣ እዪው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ግን ለእሁድ ይደርሳል?»



እሁድ የወንድ ልጃቸው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ የኮፈሌ ልጅ ናት። የወንዱ ወገን ቅዳሜ በፈረስ ዳገቱን በጫካው መንገድ ወጥቶ፣ እዚያው አድሮ፣ እሁድ ሙሽራዋን ይዞ ይመለሳል። ከፊት የሚጋልቡት አባትየው ናቸው። አርሲ ነገሌ ውስጥ ኦቦ ጫምሳን በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ሰው ነው። የእህል ነጋዴውም፣ ሹፌሩም፣ መስጊድ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም «አባ ዳማ» ነው የሚሏቸው፤ በፈረሳቸው ስም። ደህና ፈረስ ያለው ሰው በዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚከበረው። ዳማ ደግሞ ከአረፋ ወዲህ ያነክሳል።

የጠራችኝ ሴት ልጃቸው ዱሬቲ ናት። አዳማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እዚያው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ከተከራየሁት ቤት በር ላይ ያለውን «የእንስሳት ራጅና አልትራሳውንድ» የሚለውን ሰሌዳ አይታ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ፤ ቀጥሎ ግን ገብታ አናገረችኝ። ሥራ በብዛት አልነበረኝም። ከቼክ አገር ከተመለስኩ ወዲህ መሣሪያውን ከጉምሩክ ለማስወጣት የፈጀብኝን ጊዜ ያህል እንኳ አልሠራሁበትም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከጆቴ ጋር ተነሣን።

ጆቴ ሹፌሬም የራጅ ባለሙያዬም ነው። የሰው ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ሲያነሳ የኖረ ጎልማሳ ሰው ነው። «ፈረስ ይሻላል» ይላል፤ «ውጤቴን ቶሎ ስጠኝ ብሎ አይጨቀጭቅም።»

ዳማ ከግቢው ጥግ ግራር ሥር ታስሮ ነበር። ቀይ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ የሚያምር ፈረስ ነው። በግራ ትከሻው ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ የቃጠሎ መስመሮች አሉ፤ ቁስሉ ደርቋል፣ ጸጉሩ ግን አልበቀለም።

«ማን ነው የተኮሰው?» አልኩ።

«ያው የሚተኩሰው ሰውዬ ነዋ» አሉ ኦቦ ጫምሳ። «ሕመሙ ትከሻው ላይ ነው፣ በእሳት ይወጣል አለ።»

«ወጣ?» አለ ጆቴ።

«ጸጉሩ ወጣ» አለች ዱሬቲ። አባቷ ገላመጧት።

ዱሬቲ ገመዱን ይዛ ፈረሱን ከግቢው ፊት ባለው ደረቅ መንገድ ላይ በሶምሶማ አስኬደችልኝ። የግራ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይነቀንቃል። ክብደቱን ካመመው እግር ሲያሸሽ ነው። ይህን ለማየት ውጭ አገር መማር አያስፈልግም። ችግሩ ከእግሩ የትኛው ቦታ ነው የሚለው ነው። ትልቁን ጉጠት አውጥቼ ሰኮናውን ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ጨመቅኩት። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ዳማ እግሩን ሊነጥቀኝ ሞከረ። ነገር ግን ትንሽ ቆይቶ ጆቴ ጅራቱን ሲነካውም እንደዚያው አደረገ። በእርግጠኝነት ያወቅኩት ነገር ቢኖር ፈረሱ ቁጡ መሆኑን ነው።

ቀጣዩ ሥራ ማደንዘዣ ነው። ከሰኮናው በላይ፣ ከኋላ በኩል፣ በግራና በቀኝ ነርቮቹ ላይ ይወጋል። ያደነዘዝኩት ክፍል የሚያመው ክፍል ከሆነ ፈረሱ ማንከሱን ያቆማል፤ ካልሆነ ወደ ላይ ከፍ ብዬ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ይህንኑ ከመውጋቴ በፊት ለሁሉም አስረዳሁ። ዱሬቲ ለእናቷ ለአዴ ቡዜ በኦሮምኛ ደገመችላት። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መሰለኝ።

ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ ዱሬቲ እንደገና አስኬደችው።

ዳማ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጭንቅላቱ አልተነቀነቀም። በሶምሶማ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፤ ጨርሶ ያልታመመ ፈረስ ነው የሚመስለው። አዴ ቡዜ እልልታዋን ለቀቀችው። ለሠርጉ ሥራ የመጡት ሴቶች ተቀበሏት። አጥሩ ላይ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዱ «አባ ዳማ! ተነሣ እኮ ልጁ!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ጫምሳ ሁለት እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። እኔም በምርቃቱ መካከል ማቋረጥ አልቻልኩም፤ ሰው ሲመርቅ «አሚን» ይባላል እንጂ «ቆይ ስህተት አለ» አይባልም።

«አሚን። ግን ኦቦ ጫምሳ፣ መድኃኒት እኮ አይደለም የወጋሁት» አልኩ ሲጨርሱ። «ማደንዘዣ ነው። ሕመሙ አልሄደም፣ አይሰማውም እንጂ። ጥርስ ሐኪም ጥርስ ከመንቀሉ በፊት እንደሚወጋው ማለት ነው።»

«የኔን ጥርስ የነቀለው ወንድሜ ባጫ ነው፣ በጉጠት። መርፌ አልወጋኝም።»

«እንደዚህች ባለች ጉጠት?» ጆቴ የሰኮናውን ጉጠት ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ከሷ ትበልጣለች» አሉ፤ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ማደንዘዣው የሚለው ነገር በሳቁ ውስጥ ጠፋ።

ያም ሆነ ይህ ሕመሙ ሰኮናው ውስጥ መሆኑን አወቅኩ። የቀረው በራጅ ማየት ነው። መሣሪያዬ በእጅ የሚያዝ ሣጥን፣ አንድ ሰሌዳና ላፕቶፕ ነው። ጆቴ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለበሰ። ሰኮናውን በብሩሽና በውሃ አጥቤ፣ እንጨት ላይ አቆምነው።

የሰኮናን ራጅ ለማንሣት አንድ ነገር የግድ ያስፈልጋል። ከሰኮናው ሥር በተፈጥሮ ጥልቅ የሆኑ ሁለት እጥፋቶች አሉ። እጥፋቶቹ አየር ስለሚይዙ ራጁ ላይ ጥቁር መስመር ሆነው አጥንቱ ላይ ያርፋሉ፤ መስመሩ ደግሞ ልክ የአጥንት ስንጥቅ ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ በለስላሳ ነገር ይደፈናሉ። እኔ የምጠቀመው ልጆች የሚጫወቱበትን ቀለማም ጭቃ ነበር፤ ከቼክ አገር ይዤው የመጣሁት። ቆርቆሮውን ስከፍተው የአዳማ ሙቀት ድንጋይ አድርጎታል።

ዙሪያዬን አየሁ። ከቤቱ ጥላ ሥር ሴቶቹ ለሠርግ ዳቦ የስንዴ ሊጥ በትልልቅ ሳፋ ያቦካሉ። ሊጥ ከዚያ ጭቃ የተለየ ነገር አይደለም፤ በሥራዬ እንደውም ይሻላል።

«ዱሬቲ፣ ትንሽ ሊጥ፣ የቡጢ ያህል ብትሰጡኝ?»

«ለምን?»

«ሰኮናው ሥር ልጠቀጥቅበት።»

ዱሬቲ አልተረጎመችውም። እናቷ ግን በአማርኛም ሰምታዋለች። በሊጥ የተለወሰ እጇን አንሥታ አየችኝ።

«እህል?» አለች አዴ ቡዜ። «ፈረስ ሊረግጠው?»

«ለደቂቃ ነው እናቴ። ከዚያ አነሣዋለሁ።»

«አንቺ የእስላም ልጅ አይደለሽም?»

ነኝ። እናቴ ወሎዬ ናት፤ ቁራሽ ዳቦ መሬት ላይ ወድቆ ካየች አንሥታ ትስመውና እግር ከማይደርስበት ግንብ ላይ ታስቀምጠዋለች። እህል አይረገጥም። ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ግን ትዝ አላለኝም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩ። አዴ ቡዜ ሳፋውን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ ዓይኔም እንዳያርፍበት ይመስላል።

«ጭቃ አለ» አለ ጆቴ።

«ጭቃው ጠጠር አለው። ጠጠሩ ራጁ ላይ ይታያል።»

«እና ባዶውን እናንሣው?»

ባዶውን አነሣነው።

ላፕቶፑ ላይ አጥንቱ ጥርት ብሎ ወጣ። በሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ሁለት ክንፍ አለው። ከውጩ ክንፍ ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር በሰያፍ ያልፋል። ጆቴ አቅጣጫውን ቀየረልኝና ደገምነው። መስመሩ አለ፤ ግን ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። የእጥፋት ጥላ ከሆነ ከአጥንቱ ጠርዝ አልፎ መሄድ አለበት፤ ስንጥቅ ከሆነ ጠርዙ ላይ ያበቃል። አንደኛው ምስል ላይ ያልፋል። ሁለተኛው ላይ ጠርዙ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ ልናነሣ ስንል የሰሌዳው ባትሪ አለቀ፤ ሰፈሩም ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለውም።

ኦቦ ጫምሳ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«ምን አገኘሽ?»

«ይህን መስመር ያዩታል?»

«አየሁት።»

«ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጥላም ሊሆን ይችላል።»

«የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

ቀና አሉ። አልተቆጡም። ገርሟቸው ነው ያዩኝ። «የሚተኩሰው ሰውዬ አንድም ቀን አላውቅም ብሎ አያውቅም» አሉ።

«እኔ እንግዲህ አላውቅም ነው የምለው። ቅዳሜ በጠዋት የሚያስፈልገኝን ይዤ እመለሳለሁ፣ በደንብ አነሣዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ታስሮ ይቆይ። ስንጥቅ ከሆነና ከጋለቡት አጥንቱ ለሁለት ይከፈላል። ያን ጊዜ የሚሠራ ነገር የለም። ሦስት ወር፣ አራት ወር ቢያርፍ ግን ይድናል።»

«ጥላ ከሆነስ?»

«ጥላ ከሆነ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ።»

«ጥላ ከሆነ እኔ የልጄ ሠርግ ላይ በባጃጅ ነው የምሄደው፣ በጥላ ምክንያት።»

«ሃይሩፍ ሚኒባስ አለ አባባ» አለ ጆቴ። «ሙዚቃም አለው።»

ኦቦ ጫምሳ አልሳቁም። ወደ ዳማ ሄደው ግንባሩን ዳበሱት። ፈረሱ አራቱንም እግሩን እኩል ረግጦ ቆሟል፤ ማደንዘዣው አልለቀቀውም። «እኔ በዓይኔ አየሁት» አሉ። «ሄደ። አንቺ ወጋሽው፣ ሄደ። አላህ ይስጥሽ። ቅዳሜ ያቺን መርፌ ድጋሚ ትወጊልኛለሽ፣ በቃ።»

«አልወጋም። ሕመሙ ካልተሰማው ራሱን አይጠብቅም። መርፌው ነው የሚሰብረው።»

«ያዳነው መርፌ?»

«አላዳነውም ኦቦ ጫምሳ።»

በጣታቸው የፈረሱን ጋማ ማበጠር ጀመሩ። «እሺ፣ ቅዳሜ እስክመጣ ይጠብቁኛል?» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ። ዱሬቲ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ መኪናው ድረስ ሸኘችንና «አባቴ ልቡ ሄዷል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ ጥብቅ አድርገሽ ብትነግሪው ይሰማሽ ነበር።»

«ጥብቅ አድርጌ ነገርኳቸው እኮ።»

«አላውቅም አልሽው» አለች።

ወደ አዳማ ስንመለስ ባቱን እንዳለፍን ጆቴ ነገር ጀመረ። «ስንጥቅ ነው ብትያቸው ምን ይጎዳል? ጥላ ቢሆን እንኳ ፈረሱ ሦስት ወር ያርፋል፤ ማን በዕረፍት ሞቶ ያውቃል?»

«ጥላ ከሆነ ሰውዬውን ያለምክንያት ከልጃቸው ሠርግ ነው የማስቀረው። ይቀሩ የለ? በባጃጅማ አይሄዱም።»

«እሱም አለ» አለ ጆቴ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔ የሰው ክሊኒክ ስሠራ ዶክተሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል። ባያውቅም ይላል። ሰዉ ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«ይድናል?»

«አንዳንዱ።»

ዓርብ ራጆቹን ላስተማረኝ ቼካዊ ፕሮፌሰር ላክኋቸው። ቶሎ መለሰልኝ። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ በዚህ ምስል መወሰን አይቻልም፤ ሰኮናው ለምን አልተደፈነም? ስለ አዴ ቡዜና ስለ ሳፋው ረጅም ነገር ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እዚያ አገር የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ በቂ ማስረጃ ሳይኖር አለመናገር። እዚያ ሳለሁ ያኮራኝ ነበር። የፈረሶቹ ባለቤቶችም «መወሰን አይቻልም» ሲባሉ ቀጠሮ ይዘው ይመለሳሉ። ፈረሳቸው ብርድ ልብስ ለብሶ ይጠብቃል።

ከሰዓት አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ መሐመድሰዒድ መለዋወጫ ይሸጣል። ከጎኑ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፕላስቲሊን፣ ያንኑ የልጆች ቀለማም ጭቃ፣ እንዳለው አውቃለሁ። ያለውን በሙሉ ወሰድኩ።

«ለማን ልጅ ነው?» አለ አባቴ።

«ለፈረስ።»

«አስተግፊሩላህ! ሰው እዚህ ራጅ ለመነሣት ገና ሳይነጋ ይሰለፋል፣ ልጄ ፈረስ ታነሣለች፤ አሁን ደግሞ መጫወቻ ትገዛለታለች።» ቀልዱ አዲስ አይደለም፤ ከመጣሁ ጀምሮ በየሳምንቱ ይለዋል። ግን ነገሩን ስነግረው ሰማኝ። «ደንበኛ መጥቶ መኪናዬ ይንኳኳል ሲለኝ» አለ፣ «አላውቅም ካልኩት ጎረቤት ሱቅ ይገባል። ያ ሰውዬም የማያስፈልገውን ዕቃ ይሸጥለታል።»

«እና ምን ትለዋለህ?»

«ዛሬ አትንዳት እለዋለሁ።»

«ካላመነህስ?»

«የማያምነኝ ብዙ አለ» አለ፤ ሌላ ደንበኛ ገባ።

ቅዳሜ በጠዋት ባትሪዎቹን ሁሉ ሞልተን፣ ፕላስቲሊኑን ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ ይዘን ደረስን። በሩ ላይ የቆርቆሮ ዳስ ተተክሏል። ሴቶቹ አሉ፣ ድስቶቹ አሉ። ግራሩ ሥር ገመዱ ብቻ ቀርቷል።

አዴ ቡዜ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። የሐሙሱን ነገር የረሳችልኝ ትመስላለች፤ አቅፋ ሳመችኝ።

«ሄዱ» አለች። «ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሄዱ።»

«ዳማንስ?»

«ዳማን ይዘው ነዋ! አባ ዳማ ያለ ዳማ ምን ሊሆን ይሄዳል? አንቺ አድነሽው።»

«ያነክስ ነበር?»

እጇን እንደ ሚዛን አወዛወዘች። «ትንሽ። ትንሽ ነው። ሲሞቀው ይተወዋል።»

«ዱሬቲስ?»

«እሷም በአጎቷ በባጫ ፈረስ ሄደች።»

ጆቴ መኪናው ውስጥ ቁልፉን እንደያዘ ነው። በየት እንከተላቸዋለን አልኳት። አዴ ቡዜ ወደ ጫካው አመለከተች፤ በዚያ መኪና አይገባም። በሻሸመኔ ዞረን ኮፈሌ ብንደርስም፣ የሙሽራዋ ሰዎች ቤት ከከተማው ወጥቶ ዳገት ላይ ነው፤ በፈረስ እንጂ በመኪና ያየው ሰው የለም። ማታ ይደርሳሉ። ነገ ሙሽራዋን ይዘው ሲወጡ ወጣቶቹ ይጋልባሉ፤ አባ ዳማም ከፊታቸው።

የኦቦ ጫምሳ ስልክ ዝግ ነው። የዱሬቲ ይጠራል፣ ይቋረጣል።

መኪናው ኮፈን ላይ ተደግፌ ቴሌግራም ከፈትኩ። «ዱሬቲ፣ መስመሩ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል» ብዬ ጀመርኩ። ቃሉን አየሁት። «ሊሆን ስለሚችል።» ኦቦ ጫምሳ ኮርቻው ላይ ሆነው ይህ ሲነበብላቸው ታየኝ። አጠፋሁት። «ለጥንቃቄ ሲባል» ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። ጆቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ምን አልሻት?» አለኝ። ስልኩን ከዓይኑ ዞር አደረግኩ። በዕድሜዬ በማላውቀው ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም። አሁንም አላውቅም። ላፕቶፑን አውጥቼ እንደገና ብመለከተው መስመሩ እንደ ሐሙሱ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይቆማል።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ዱሬቲ፣ የዳማ አጥንት ተሰብሯል። ራጁ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ውጭ አገር ላለው አስተማሪዬም ልኬ አረጋግጫለሁ። አባትሽ አሁኑኑ ይውረዱ። አንድ ርምጃ እንኳ አይጋልቡት፤ በገመድ ይሳብ። ቅርብ ያለ ሰው ቤት ይቆይ፣ ቦታውን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ እመጣለሁ።»

ላክሁት። አንድ ምልክት ወጣ፤ ተልኳል፣ አልተነበበም።

እሁድ ከሰዓት ምልክቱ ሁለት ሆነ። አንብባዋለች። መልስ ግን አልላከችም፤ ከዚያም ወዲህ አልላከችም።